ጦርነቱን ዘልዬ ፍቅሩን ሳነብ

የጦርነት ዘመን የፍቅር ልብ ወለድ ሳነብ አንድ ክፉ ልማድ ነበረኝ፤ ውጊያውን እዘለዋለሁ። መድፉ ማጓራት ሲጀምር፣ ከተማው ሲከበብ፣ እህል ሲወደድ ገጹን ገለጥ ገለጥ አድርጌ እሱና እሷ የሚገናኙበት ላይ አርፋለሁ። ካገናኘኋቸው በኋላ ደግሞ እንደ ጥፋተኛ ወደ ኋላ ተመልሼ ምን እንደለያያቸው አነባለሁ። መለያየቱን ሳያውቁ መገናኘቱ አይጥምማ!

ልማዱ የጠናብኝ ካርቱም ነው። ዴም በሚባለው ሰፈር፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ሳይርቅ፣ አንዲት ክፍል ነበረችኝ። ቀን ቀን ያለ ጉዳይ መውጣት አይታሰብም። ፀሐዩ አንድ ነገር ነው፤ «ከሻ» ሌላ ነገር። ከሻ የካርቱም ሐበሻ አፈሳን የሚጠራበት ቃል ነው፤ ወረቀቱ የተሟላለትም ያልተሟላለትም ስሙን ሲሰማ እኩል ይደነግጣል። እኔም በሬን ዘግቼ፣ ማራገቢያዬን ከፍቼ አነብ ነበር። መብራት ሲጠፋ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር እወጣለሁ። እዚያ አንዲት የጎንደር ሴት፣ ጎረቤቴ፣ ቡና ያፈላሉ። ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም፤ ግቢው በሙሉ «እትዬ» ነበር የሚላቸው።

አንድ ቀን የያዝኩትን መጽሐፍ ሽፋን አየት አድርገው፣ «ምንድነው እሱ ልጄ? የፍቅር ነው የጦርነት?» አሉኝ።

«ሁለቱንም ነው እትዬ።»

«ሁለቱም ካለበትማ የኛ ነዋ!» ብለው ሳቁ።

መጽሐፉ ግን ዐረብኛ ነበር፤ ጸሐፊውም ሱዳናዊ። እሳቸው «የኛ» ያሉት ለጨዋታ ነው። እውነታቸውን እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ይህንንም የምጽፈው ለዚያ ነው። (የሱዳኑንና የባሕር ማዶውን ዘመን በአውሮፓ፣ የኛን በኛ አቆጣጠር እየጠራሁ እሄዳለሁ፤ አንባቢ ግራ እንዳይጋባ።)

መጽሐፉን የገዛሁት «መፍሩሽ» ላይ ነው። መፍሩሽ «የተነጠፈ» እንደማለት ነው፤ በወር አንድ ቀን መሐል ካርቱም፣ አቲኔ አደባባይ ላይ፣ ምንጣፍና ላስቲክ እየተነጠፈ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡበት ገበያ ነበር። ወጣቱ እዚያ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ከመግዛት ይልቅ ቆሞ ያነብ ነበር። እኔ ያነሳሁት የሐሙር ዚያዳን «ሸውቅ አድ-ደርዊሽ» ነበር፤ በኛ ቋንቋ «የድርቡሹ ናፍቆት» ብንለው ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2014 የነጊብ ማሕፉዝን ሜዳልያ ያገኘ ሥራ ነው። የኔ ዐረብኛ የገበያ ዐረብኛ ስለሆነ በቀን ከአምስት ገጽ በላይ አልሄድም ነበር። ቀስ ብሎ ማንበብ ግን ለፍቅር ታሪክ ጉዳት የለውም።

ወደ መጽሐፉ ከመግባቴ በፊት ግን ካርቱምን የልብ ወለድ ከተማ ስላደረጋት ዓመት ልናገር።

እንግሊዛዊው ጀነራል ቻርልስ ጎርደን ካርቱም የገባው የካቲት 18 ቀን 1884 ነው። የተላከው የግብፅን ጦር ሰብስቦ እንዲያስወጣ ነበር፤ እሱ ግን እዚያው ቀረና ከተማዋ በመሐመድ አሕመድ፣ በማህዲው፣ ተከታዮች ተከበበች። ከበባው ወራትን ፈጀ። የእንግሊዝ ርዳታ ጦር በዓባይ ሽቅብ እየተጎተተ ሲመጣ ከተማዋ ጥር 26 ቀን 1885 ንጋት ላይ ወደቀች፤ ጎርደንም ተገደለ። የርዳታው ጀልባዎች ከካርቱም ፊት የደረሱት ጥር 28 ነው። ሁለት ቀን! ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢፈጥረው «ኧረ አበዛኸው» የምንለው ዓይነት መዘግየት ነው። ግን የሆነ ነው።

በከበባው ወራት ጎርደን ብር ሲያልቅበት የወረቀት ገንዘብ አሳትሞ እየፈረመ አደለ። እህል ሲያልቅ ሕዝቡ አህያና ውሻ በላ፤ በመጨረሻም ሙጫ። ካርቱም ለዓለም የምትሸጠው፣ በከረጢት የምትጭነው ሙጫ ለራሷ ቀለብ ሆነ። ይህ የሙጫው ነገር ባነበብኳቸው መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል አለ። ያኔ ሁልጊዜ የምዘለው ገጽ እሱ ነበር።

ይህን ውድቀት ለፍቅር ታሪክ ካዋሉት ቀዳሚዎች አንዱ በዚያው ሰልፍ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ጁርጂ ዘይዳን ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1861 ቤይሩት የተወለደ ክርስቲያን ዐረብ። ካይሮ ጋዜጣ ላይ ሲሠራ ቆይቶ በ1884 ጎርደንን ሊያድን ከሚሄደው ጦር ጋር አስተርጓሚ ሆኖ ሱዳን ወረደ። ተመልሶ በ1892 «አል-ሂላል» የተባለውን እስከ ዛሬ ስሙ ያልጠፋ መጽሔት አቋቋመ፤ በዚያው ዓመት «አሲር አል-ሙተመህዲ»ን፣ ማለትም «ማህዲ ነኝ ባዩ የያዘው ምርኮኛ»ን አወጣ። ሸፊቅ የሚባል ወጣት አለ፤ ፈድዋ የምትባል ልጅ አለች፤ በመካከላቸው የሚገባ አንድ ክፉ ተቀናቃኝ አለ፤ የግብፁ የዑራቢ አመፅና የሱዳኑ ጦርነት አለ። ሸፊቅ ይማረካል፣ ፈድዋ ትጠብቃለች፣ በመጨረሻ ይገናኛሉ። ዘይዳን ዓላማውን አልደበቀም። አንባቢ ታሪክን ደረቁን አይበላም ብሎ ያምን ስለነበር ፍቅሩን ማባያ አደረገለት። ሃያ የሚበልጡ ታሪካዊ ልብ ወለዶቹን በሙሉ በዚህ አሠራር ጻፈ፤ ተሳክቶለትም የዐረቡ ዓለም ሦስትና አራት ትውልድ የገዛ ታሪኩን ከሱ ተማረ።

እንግሊዞቹም አልዘገዩም። ኤ. ኢ. ደብሊው ሜሰን በ1902 «ዘ ፎር ፌዘርስ»ን፣ «አራቱ ላባዎች»ን ጻፈ። ጀግናው ሃሪ ፌቨርሻም ጦሩ ሊዘምት ሲል ሹመቱን ይመልሳል፤ ሦስት ጓደኞቹ የፈሪ ምልክት የሆነውን ነጭ ላባ ይልኩለታል፤ አራተኛውን የምትሰጠው እጮኛው ኤትኒ ናት። በኛ አገር ቢሆን ድርና ማግ፣ ወይም ቀሚስ ይልኩለት ነበር፤ ነገሩ ያው ነው። ሃሪ ሱዳን ገብቶ፣ መልኩን ለውጦ፣ ኦምዱርማን እስር ቤት ድረስ ወርዶ ላባዎቹን አንድ በአንድ ይመልሳል። በ1939 ዞልታን ኮርዳ ፊልም ሲያደርገው በከፊል የቀረፀው እዚያው ሱዳን በረሃ ላይ ነው። ሜሰንን ሳነብ ሌሊቱ ነግቶብኛል፤ አልክድም። ማየት የተሳነው ዱራንስ፣ ኤትኒ በኩራዝ ብርሃን... እንዲህ ያለውን የሚንቅ ሰው ልቡን አላምነውም።

ግን ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ካስቀመጥን አንድ ነገር ይታያል። በሁለቱም ምርኮ የወንዱ ፈተና ነው። ሴቷ ቤቷ ናት። በዚያች የጥር ንጋት ካርቱም ውስጥ የነበሩት ሴቶች፣ በር ተሰብሮባቸው የተወሰዱት፣ በማግስቱ በግምጃ ቤቱ፣ በ«በይት አል-ማል» በኩል ለአሚሮቹ የተከፋፈሉት፣ የሉም። ከነሱም በፊት ካርቱም ውስጥ ባሪያ ሆነው የሚኖሩት የባሰ የሉም። ጎርደን ራሱ፣ የባሪያ ንግድ ጠላት ተብሎ የተዘመረለት ሰው፣ በየካቲት 1884 ከተማ እንደገባ ባሪያ ያለው ባሪያውን ይዞ መኖር ይችላል ብሎ አውጇል፤ ሕዝቡን ከማህዲው ለማስኮብለል። የፍቅር ልብ ወለዱ ይህንን አዋጅ የሚያስገባበት ቦታ አልነበረውም። እሷ የምትጠብቅበትን ቤት ወለል የምትጠርገው ሴት የማን ናት ተብሎ ከተጠየቀ ታሪኩ ይበላሻል።

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን ልዙር። የአማርኛ የመጀመሪያ ልብ ወለድ የጦርነት ዘመን የፍቅር ታሪክ መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ቃሉን ራሱን ያገኘነው ከሱ ነው። ኋላ በባለታሪኳ ስም «ጦቢያ» ተባለ። ክርስቲያኑ ደጃዝማች በጦርነት ይማረካል፤ የማያውቀው ደግ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋሕድ ባለውለታውን ልፈልግ ብሎ ሲወጣ ተይዞ ባሪያ ሆኖ ይሸጣል። መንትያው ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ቀጥሎ ያለውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አሕዛቡ ንጉሥ በፍቅሯ ይወድቃል፣ ክርስትና ይነሣል፣ ጋብቻው ይፈጸማል።

ተማሪ ሳለን እንድንስቅበት ነበር የምናነበው። እንዴት አንዲት ቆንጆ አገር ሙሉ ታጠምቃለች? አሁን ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። አፈወርቅ በ1868 እ.ኤ.አ. ዘጌ ላይ፣ ጣና ዳር የተወለደ ሰው ነው። ከሐይቁ ማዶ ያለችው ጎንደር በድርቡሽ፣ በማህዲው ተከታዮች፣ ስትቃጠል ሃያ ዓመት ግድም ነበር። ያ ምርኮ፣ ያ መሸጥ፣ ያ በሃይማኖት የተከፈለ ጦርነት ለሱ ትውልድ ተረት አልነበረም። የጦቢያን መጨረሻ ሳነብ፣ አንድ የጣና ዳር ሰው ወደ ምርኮ ተነድታ የተወሰደችውን ልጅ በሐሳቡ ንግሥት አድርጎ ሲመልሳት አያለሁ። ይህ የኔ ንባብ ነው፤ አፈወርቅ እንዲህ ብሎ የጻፈው ቃል የለም።

አሁን የእትዬን «የኛ ነዋ» ወደማስረዳው ታሪክ ደረስን።

የካርቱም ከበባና የጎንደር መቃጠል ሁለት ታሪክ አይደሉም። ጎርደን ካርቱም ተከቦ ሳለ፣ በግንቦት 1876 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው አድሚራል ሂዌት አድዋ ላይ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ውል ተፈራረመ። ዐፄ ዮሐንስ በከሰላ፣ በአሜዲብ፣ በሰንሒት ያለው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ አድርጎ እንዲወጣ ይረዳሉ፤ በምላሹ ቦጎስ ይመለስላቸዋል፣ በምጽዋ በኩል ንግዳቸው ይከፈታል። ዮሐንስ ቃላቸውን ጠበቁ። እንግሊዞች ምጽዋን ለኢጣልያ አሳልፈው ሰጡ። የማህዲው መንግሥት ደግሞ ኢትዮጵያን ጠላት አድርጎ ያዛት። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ ድርቡሽን መታ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1879 ዓ.ም. መተማ ወርዶ የገላባትን ጦር ደመሰሰ። የበቀሉ ተራ በዓመቱ መጣ። በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ ዐንጃ ደምቢያ ገብቶ ሳር ውኃ ላይ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረገ፤ ከዚያም ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠለ፣ ዘረፈ፣ ብዙ ሴትና ሕፃን ማርኮ ነድቶ ተመለሰ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ዐፄ ዮሐንስ ቆሰሉ፣ ዐረፉ፣ ራሳቸውም ኦምዱርማን ተወሰደ።

ስለ ንጉሠ ነገሥቱ ራስ ብዙ ተጽፏል፣ ተለቅሷል። ከሱ በፊት በዚያው መንገድ ስለተነዱት ሴቶች ግን ከአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልፍ ጽሑፍ እምብዛም አይገጥምም፤ «ብዙ ሕዝብ ተማረከ» ይባልና ያልፋል። በማህዲው ወገን እጅ ዐሥራ አንድ ዓመት በምርኮ የኖረው ኦስትሪያዊ ሩዶልፍ ስላቲን አምልጦ በ1896 ባሳተመው መጽሐፍ የባሪያ ገበያውን ሥዕል ትቶልናል፤ ከበይት አል-ማል አለፍ ብሎ የጭቃ ጡብ ቤት፣ በግድግዳው ጥግ የቆሙና የተቀመጡ ሴቶች፣ ጥርስና አንደበት የሚመረምር ገዢ። ከጎንደር የተነዱት መጨረሻቸው እንዲህ ያለ ግድግዳ ነበር።

ሌላም ነገር አለ፤ ልብ ወለድ ጸሐፊ እጁን ሊበላው የሚገባ። ጎንደርን ያቃጠለው አቡ ዐንጃ ራሱ ከባሪያ ወገን የተወለደ ሰው ነበር። የሚመራው ጠመንጃ ያዥ ጦር፣ «ጂሃዲያው»፣ አብዛኛው ባሪያ የነበረ ጥቁር ወታደር ነው። ተማራኪ ማራኪ ሆኖ መጣ። እንዲህ ያለ ሰው ከደምቢያ የተወሰደችን ልጅ ቢወድ ምን ይላታል? በምን ቋንቋ?

ሐሙር ዚያዳ የደፈረው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። ባለታሪኩ በኺት መንዲል ባሪያ ነው። መስከረም 2 ቀን 1898 የኪችነር ጦር ከረሪ ሜዳ ላይ ዐሥር ሺህ ያህል የማህዲ ተከታይ በመትረየስ አጭዶ ኦምዱርማን ሲገባ የ«ሳይር» እስር ቤት በር ይከፈታል፤ በኺት ሰንሰለቱን እየጎተተ ይወጣል። በእስር ዓመታት ያቆየው አንድ ነገር ነው። የሚወዳት ሴት ቴዎዶራ ትባል ነበር፤ ከእስክንድርያ የመጣች ግሪካዊት፣ የኦርቶዶክስ ሚሲዮን አገልጋይ። ካርቱም ስትወድቅ ተማርካ ሐዋ ተባለች። ልታመልጥ ስትል ተገደለች። እሱ የገዳዮቿን ስም በልቡ ይዞ አንድ በአንድ ሊበቀል ይነሣል። ጥቁር ባሪያ ነጭ ባሪያን ይወዳል፤ ሁለቱም የሰው ንብረት ናቸው፤ እሷ ግን በልቧ እሱን ከራሷ በታች ታያለች። ይህ ነው መጽሐፉን ከማባያነት ያወጣው። ሜሰን ጋ ፍቅር ከውርደት ያነጻል፤ ዚያዳ ጋ ግን ፍቅሩ ራሱ በውርደቱ ውስጥ ተቦክቷል፤ የቱ ናፍቆት፣ የቱ በቀል እንደሆነ መለየት ያስቸግራል።

እኔ ያኔም ቢሆን እንደ ልማዴ ውጊያውን ልዘል ሞከርኩ። ከሙጫው ገጽ በቀር አልተቻለም። ዚያዳ ዘመኑን እያምታታ፣ ከ1898 ወደ 1885፣ ከዚያ ወደ እስር ቤቱ ስለሚዘል ፍቅሩን ብቻ ነቅሎ ማውጫ መንገድ የለም። ተንኮሉ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛዋ ደፋር ሌይላ አቡለላ ናት፤ ካርቱም ያደገች፣ ስኮትላንድ የምትኖር፣ በእንግሊዝኛ የምትጽፍ። «ሪቨር ስፒሪት» የተባለውን ልብ ወለዷን ያወጣችው በመጋቢት 2023 ነው። መንደሯ በባሪያ ፈንጋዮች የጠፋባት አኳኒ፣ እሷንና ወንድሟን ያተረፈው ወጣት ነጋዴ ያሲን፣ ኋላም ሃይማኖት ተምሮ ማህዲውን የሚቃወመው ያሲን። አኳኒ ስሟ ዘምዘም ይሆናል፣ ከቤት ወደ ቤት ትሸጣለች፣ ለአንድ ስኮትላንዳዊ ሠዓሊ ሞዴል ትሆናለች፤ ጎርደንም ያልፋል፣ ግን እንደ መንገደኛ። የዘይዳን ፈድዋ መስኮት ላይ ቆማ የጠበቀችውን ያህል አኳኒ እየተሸጠች ትጠብቃለች። በዘይዳንና በሷ መካከል 131 ዓመት አለ፤ ወለል የምትጠርገዋ ሴት ወደ ሳሎን ለመግባት ያን ያህል ፈጅቶባታል። አቡለላ ከዚያዳ ይልቅ ለስላሳ ናት፤ አንዳንዴ ለኔ ትንሽ የበዛ ልስላሴ። ፍቅሩን ግን አታፍርበትም፤ ይህን እወድላታለሁ።

በሁለቱም መጻሕፍት ኦምዱርማን በምርኮኛ የተሞላች ናት፤ ግሪኩ፣ ግብፃዊው፣ ቅብጡ፣ የኑባው፣ የደቡቡ። ክርስቲያኖቹ ሰልመው የሰፈሩበት «መሳልማ» እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራ የኦምዱርማን ሰፈር ነው፤ ሄጄ ዞሬበታለሁ። የደምቢያ ልጅ ግን የራሷን ታሪክ ስታወራ በዐረብኛውም በእንግሊዝኛውም አልገጠመችኝም። በአማርኛም አላነበብኳትም። እትዬ «የኛ ነዋ» ሲሉ ያነሱት፣ ሳያውቁት፣ ገና ያልተጻፈውን መጽሐፍ ነበር።

ካርቱም የኛ የሆነችበት ሌላም ጊዜ አለ፤ እሱን አጠር አድርጌ ልለፈው። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ ስደታቸው ካርቱም ደረሱ፤ ስደተኛው ተሰበሰበ፤ «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣ በአማርኛ እዚያ ታተመ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማቸውን ሰቀሉ። አምስት ዓመት ባሏን የጠበቀች፣ ወይም የሞተ መስሏት ሌላ ያገባች ሴት፣ ከካርቱም አንድ ጽሑፍ ሲደርሳት... ይህም መጽሐፍ ጸሐፊውን እየጠበቀ ነው።

ጸሐፊ ያገኘው የኋለኛው፣ የኤርትራው ጦርነት ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያወጣ የሚጽፈው ስለ ትናንት ነበር። የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ አስመራ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም፣ አዲስ አበባ የቀረችው እጮኛው ሮማን፣ አስመራ ያገኛት ፊያሜታ። ርእሱ አስመሬዎች ከጣሊያንኛ የወሰዱት፣ «አበቃ፣ አከተመ» የሚሉበት ቃል ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። አንባቢ ግን በስውር እያባዛ አነበበው። ከዚያ ጦርነት የሸሸው ሰው ከሰላንና ገዳሪፍን ሞልቶ ካርቱም ድረስ የፈሰሰበት ዘመን ነው፤ ዴም የሐበሻ ሰፈር የመሰለችው በነዚያ ዓመታት በመጣው ስደተኛ ጭምር ነው። ስለዚህ ዴም ቁጭ ብዬ ፊያሜታን ሳነብ፣ በግድግዳው ማዶ የምሰማው ትግርኛ የሷ ወገኖች ነበር። እዚያ ቤት «ኦሮማይ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እሰማው ነበር፤ ስኳር ሲያልቅ።

ሰዎች «በጦርነት መካከል ስለ ጦርነት የፍቅር ታሪክ ማንበብ ምን ደስታ አለው?» ይላሉ። ለኔ ደስታው አለው፤ ከየት እንደሚመጣም የማውቀው ይመስለኛል። የታሪክ መጽሐፍ ከረሪ ላይ ዐሥር ሺህ ሰው ሞተ ይለኛል፤ ዐሥር ሺህ ሰው መውደድ አልችልም። ልብ ወለዱ አንዱን ነጥሎ የሚጠብቀው ሰው ይሰጠዋል። ያን ጊዜ ዐሥር ሺው ላይ ዐሥር ሺህ የሚጠብቅ ሰው ይደመራል፤ ቁጥሩ በእጥፍ ይከብዳል። ውጊያውን የምዘለው ስለማይገደኝ ይመስለኝ ነበር። ፈርቼ ነበር።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ በረመዳን መጨረሻ ሳምንት፣ የሱዳን ጦርና ፈጣን ደራሹ ኃይል ካርቱም መሐል ተኩስ ሲከፋፈቱ እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ ቀደም ብዬ ወጥቻለሁ። የአቡለላ መጽሐፍ ከወጣ ገና ስድስት ሳምንት ግድም ነው። ጎርደን በተገደለበት ሥፍራ የቆመው ቤተ መንግሥት የተኩስ ምሽግ ሆነ፤ ሠራዊቱ መልሶ የያዘው መጋቢት 21 ቀን 2025 ነው። ብሔራዊ ሙዚየሙ ተዘረፈ። ሰዉ በያለበት ተበተነ፤ ወደ ግብፅ፣ ወደ ቻድ፣ ወደ ደቡብ ሱዳን፣ ወደኛም። በገላባት አድርገው መተማ የገቡት ሱዳናውያን ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ መጠለያ ተሠራላቸው፤ እዚያም ሰላም አላገኙም። ከነሱ ጋር በሺዎች የሚቆጠሩ ሐበሾች በመጡበት መንገድ ተመለሱ። በ1880 ምርኮኛ ወደ ምዕራብ የተነዳበትን መንገድ በ2015 ዓ.ም. ስደተኛ ወደ ምሥራቅ መጣበት።

እትዬም በዚያው ነው የመጡት። ጎንደር፣ አንዲት እህታቸው ቤት አገኘኋቸው፤ ከስተዋል። ጀበናቸውን ሳይዙ ወጥተው ነበርና በተውሶ ጀበና አፈሉልኝ። ስለ ግቢው ጠየቅኋቸው። የኒሟ ዛፍ ለማገዶ ተቆርጣለች አሉ። አንድ ክፍል ጣሪያው ተቀዷል፤ የኔ ይሁን የጎረቤቴ እርግጠኛ አይደሉም።

«መጽሐፍህስ?» አሉኝ በመሐል። «ያ የፍቅርና የጦርነቱ።»

ይዤው እንደወጣሁ ነገርኳቸው። እንደገና ከመጀመሪያው እያነበብኩት እንደሆነም።

«ከተማዋ የተከበበችበት አለበት ብለኸኝ ነበር።»

«አለበት።»

«ምን በሉ?»

በስንት ዓመታችን ይህን ጥያቄ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ያኔ የሚጠይቁኝ ሌላ ነበር። «ሙጫ» አልኳቸው። «እህሉ ሲያልቅ ሙጫ በሉ።»

ጥቂት ዝም አሉ። «እኛ ከተኪያው ምስር» አሉ። ተኪያ ሰፈርተኛው እያዋጣ ድስት ጥዶ ለተራበ የሚያድልበት ነው፤ ጦርነቱ ውስጥ ካርቱምን ያቆማት እሱ ነው። «ምስር፣ ጠዋት። ማታ ያችኑ፣ ካለች። እስቲ የነሱን አንብብልኝ።»

የሙጫውን ገጽ ፈልጌ አገኘሁት። ሳላነበው ያለፍኩት ስለሆነ ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ እንኳ አልቆሸሸም። እየተረጎምኩ፣ በገበያ ዐረብኛዬ እየተንተባተብኩ፣ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ሲኒውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«እና?» አሉኝ፤ «ተገናኙ?»